እምቢ ያለችው የላሊበላ ሴት

እግሬ ያበጠው ብዙ ከመቆም ነው ብዬ ነበር። በዚያ ሰሞን የምሠራበት ሆቴል እንግዳ ካየ ቆይቷል፤ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ አውሮፕላኑ ይመጣል ሲባል ይቀራል። እኔ ግን እንግዳ ተቀባይ ነኝና የምቀበለው ባይኖርም ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ እውላለሁ። ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬ አልገባ ሲለኝ የባለቤቴን ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ወጥ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ገና ከበሩ አይታኝ፣ «እግርሽስ ይሁን፤ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለችኝ። መስታወት ፊት ቆምኩ። ዓይኖቼ ሁለት ስንጥቅ ብቻ ሆነዋል። ጣቴን ግንባሬ ላይ ጫን አድርጌ ሳነሣው ሥፍራው ጎድጉዶ ቀረ።

«ለምሳ እመለሳለሁ» ብያት በባጃጅ ሆስፒታል ሄድኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ከእኔ ሳያንስ አይቀርም። የደም ግፊቴን ለካ። መልሶ ለካ። ከዚያ ሌላ መለኪያ አስመጣና እንደገና ለካ። ሽንቴ ተመርምሮ ሲመጣ ወረቀቱን አይቶ ገለበጠውና፣ «ከዚህ አትወጪም» አለኝ።

ሳቅ መጣብኝ። የሆቴሉን ቁልፍ ይዤ ነው የመጣሁት አልኩት። እሱ አልሳቀም።

«እርግዝናው ያመጣው የደም ግፊት ነው፤ ከብዷል። መርፌም ኪኒንም እንሰጥሻለን፣ ግን እሱ ማቆያ ነው። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መውለድ። ግፊቱን እናረጋጋና ምጥ እናስጀምርሻለን፣ እሱ ካልሆነ በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን።»

«መቼ?»

«ነገ፤ ቢዘገይ ከነገ ወዲያ።»

ይህ በሽታ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ለሥራ ሌላ ከተማ እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ላይ ይዞኝ ነበር። ያኔ ሐኪሞቹ ያሉትን ሁሉ እሺ አልኩ። ልጁ በሰባተኛው ወር ተወለደ፤ ወንድ ነበር። የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ትንፋሽ ሲስብ ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል፤ ሲያስወጣ ያቃስታል። እኔ ተጋድሜ፣ ስርጉድ ሲልና ሲያቃስት፣ ስርጉድ ሲልና ሲያቃስት ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ቆመ። ክርስትና ሳይነሣ ስለሞተ ፍትሐት አልተደረገለትም። ባለቤቴ ወስዶ ቀበረው፤ የት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። በጸሎቴ ላስበው እንኳ የምጠራበት ስም የለውም።

ስለዚህ ዶክተሩን፣ «አልወልድም» አልኩት።

«ያልገባሽ ነገር ያለ ይመስለኛል።»

«ገብቶኛል፣ ዶክተር። መርፌውን ስጡኝ፤ ኪኒኑን እውጣለሁ፤ ተኚ ካላችሁኝ ከአልጋዬ አልነሣም። ልጁን ግን አሁን አታወጡብኝም። ትንሽ ይደግ።»

«ያለ ቀኑ ለሚወለድ ልጅ ወልድያ ወይ ደሴ ቢሆን ይሻል ነበር። መንገዱ ተዘግቶ አምቡላንሱ መውጣት አይችልም» አለ፤ ለራሱ እንደሚያወራ። «እዚህ ያለን ማሞቂያ አንድ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።»

«ታዲያ ልጁ አሁን ከተወለደ እንደማይተርፍ እርስዎም እያሉት እኮ ነው» አልኩት።

ባለቤቴ አስጎብኚ ነው። ስለ አንድ ምሰሶ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያወራል፤ ቋንቋ አያጥረውም። ያን ቀን ሮጦ መጥቶ ከበሩ ላይ ሲያየኝ ቃል አጣ። ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ። በሩን ግን አልዘጉትም ነበር። የተናገረውን በጆሮዬ ሰማሁት፦

«ልጁ ይቅር። እሷን አትርፉልኝ።»

ክው አልኩ። ይህ ሰው እርግዝናዬን ከሰማ ጀምሮ ማታ ማታ ሆዴ ላይ ጆሮውን እያሳረፈ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ ሰላምታ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። «ይቅር» አለ፤ ከሱቅ የጠፋ ዕቃ ይመስል። ቀጥሎም፣ «የት ልፈርም?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ የመለሰለትን አልረሳውም፤ «ሚስትህ ራሷን የምታውቅ ሴት ናት። እሷ እምቢ እያለች የአንተ ፊርማ ምን ያደርግልኛል?»

ሲመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልጁ ይቅር አልክ?»

እጄን ሊይዝ ሞከረ፤ ሸሸሁበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንዱ ካንዱ አይለዩም። ክንዴ ይታሠራል፣ ይለካል፤ ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ይልብሻል ወይ እባላለሁ። የልጁን ሳንባ ያጠነክራል የተባለ መርፌ ወጉኝ፤ እሱንም በደስታ ተወጋሁ። በየጠዋቱ አዋላጇ ትመጣለች፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ በዚህ አገር ስንቱን ልጅ የተቀበለች ሴት ናት። ሲስተር ነው የምንላት። «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬም አይሆንም» እላታለሁ። አንድ ጠዋት መለኪያውን ከክንዴ ላይ እየፈታች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ «ሁለት ሬሳ ነው የምታስጠብቂን» አለችኝ። ጥላኝ ሄደች። አጠገቤ የተኛችው አራስ ልጇን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞቴን በቃል የጠራው ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ የንስሐ አባታችንን ይዞ መጣ። አባ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» ብለው ተቀመጡ። «ሐኪሙን እሺ በዪው እንጂ። መድኃኒቱንስ የፈጠረው ማን ሆነና?»

«አባ፣ የመጀመሪያ ልጄ ሳይጠመቅ ሞተ። ያለ ጸሎት ተቀበረ። ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱን አልወቅስም። ይኸኛው ግን እንደዚያ እንዲሄድብኝ አልፈልግም።»

አባ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«ያኔ ቄስ አልጠራችሁም?»

«አርባ ቀን ሳይሞላው እንዴት ይጠራል፣ አባ?»

«ነፍሱ የምታሠጋ ሕፃን ቀን አይጠበቅለትም፤ ዕለቱንም ቢሆን ይጠመቃል። ይህን የነገራችሁ አልነበረም?»

ባለቤቴን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ያኔ ልጁ ከተኛበት ጠረጴዛ እስከ ደጁ ድረስ ያለው ቦታ በዓይኔ መጣ፤ ከዚያ ደጅ ወጣ ብሎ ቄስ መጥራት ይቻል ነበር። ያ ልጅ ስም ሊኖረው ይችል ነበር። ሳላውቀው አፌን በእጄ ይዤ ነበር።

«እንግዲህ ሥጋትሽ ይህ ከሆነ፣ ስትወልጂ ጥሩኝ፤ በየትኛውም ሰዓት እመጣለሁ። አሁን እሺ በዪ» አሉ አባ።

ሥጋቴ ግን ይህ ብቻ አልነበረም። አባ ስሙን ሊሰጡልኝ ይችላሉ፤ ትንፋሹን አይሰጡልኝም። «አልችልም፣ አባ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለእሳቸው እምቢ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ዶክተሩ መጣና የብረት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ልለምንሽ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ራስሽን ብትስቺ፣ ላናግርሽ ባልችል፣ ያኔ ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ «ለምን እምቢ ትያለሽ?» ሲለኝ ነው የቆየው። ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ እምቢ ስል ሁልጊዜ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ አይቶ፣ አፌ ተናግሮ ነው የማስበው።

«ያኔ ያውጡት» አልኩ ቀስ ብዬ። «ቢያስፈልግ ይቅደዱኝ። ግን ከሁለታችን አንዱን ብቻ ማትረፍ የሚችሉ ከሆነ ልጄን ያስቀድሙ።»

«እሱን አላደርግም» አለ። «እኛ እናትን ነው የምናስቀድመው። ዋሽቼሽ እንድትተኚ አልፈልግም።»

«የማያደርጉትን ለምን ይጠይቁኛል?»

«እንድታውቂው ነዋ። አውቀሽ ከፈለግሽ ሐሳብሽን ትለውጫለሽ።»

አልለወጥኩም። ግን ያን ዕለት ከሌላው ቀን ይልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቀትር ላይ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ብርቱካኑ ቀለሙ በረታብኝ፤ ዓይኔን እስኪያመኝ ድረስ። «ጋርደው» ልለው ፈለግሁ። አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። ከዚያ ወዲያ የለሁም።

ስነቃ ጨለማ ነው። ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከንፈሬ ተሰንጥቋል፤ ምላሴ ቆስሏል።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» አልኩ።

የመለሰልኝ የለም።

«ሲስተር፣ ሻማ የለም?»

«ቀን ነው» አለ የባለቤቴ ድምፅ። «ፀሐዩ ፊትሽ ላይ ነው።»

እውነትም ጉንጬ ይሞቃል። ዓይኔን በጣቴ ነካሁት፤ ተከፍቷል። ብልጭታ እንኳ የለም። ጮህኩ መሰለኝ፤ የዶክተሩ ድምፅ ከሩቅ መጥቶ፣ በሽታው እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ብዙዎቹ መልሰው እንደሚያዩ፣ መታገሥ እንዳለብኝ ተናገረ። እኔ ግን እጄን ወደ ሆዴ ልኬ ነበር። ፋሻ ነው። ሆዴ የለም።

«ሞተ?»

«ሴት ናት» አለ ባለቤቴ። «አለች። እዚህ ናት።»

እጄን ይዞ ወደ ራሱ ወሰደው። ሸሚዝ የምነካ መስሎኝ ነበር፤ ያረፍኩት ባዶ ገላው ላይ ነው፣ የደረቱ ጸጉር ላይ። ከዚያ ቀጥሎ በነጠላዬ ከደረቱ ጋር የታሠረ ሌላ ገላ አለ። አንዲት ትንሽ ጀርባ። መዳፌ ሙሉ ጀርባዋን ሸፈነው፤ ከመዳፌ በታች ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። መብራት ስለጠፋ ማሞቂያው አልሠራም፤ የሰው ገላ ይሻላል አሉ። እናቷ ራሷን አታውቅም። ስለዚህ አባትየው ሸሚዙን አውልቆ፣ በሴቶች ክፍል ውስጥ፣ አራሶቹ ፊታቸውን እየሸፈኑ ሲስቁበት፣ ልጁን ታቅፎ ተቀመጠ። እናቱ ሊጠይቁኝ መጥተው በዚያ ሁኔታ ሲያዩት፣ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ አሉ። «ልጁ ይቅር» ያለው ሰው ይኸው ነው። ሁለቱን እንዴት ላስታርቃቸው? በጨለማዬ ውስጥ ሆኜ ያቺን ጀርባ ይዤ አለቀስኩ።

ዓይኔ ከቀናት በኋላ ተመለሰ። መጀመሪያ የመስኮቱ ክፈፍ፣ ቀጥሎ የባለቤቴ ጢም። ልጄን ሳያት ደግሞ እንደገና ደነገጥኩ፤ ጆሮዋ ላይ ጸጉር አላት፣ ቆዳዋ የተጨማደደ፣ የሽማግሌ ፊት ያላት ፍጥረት ናት። አባ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ እኔ ራሴን ሳላውቅ መጥተው አጥምቀዋታል። ወራት ፈጅቶብን አደገች። ከባለቤቴ ጋር ግን ያቺ «ይቅር» ያላት ቃል መሐላችን ነበረች። በሌላ ነገር ስንጣላ እንኳ ወደሷ እንመለስ ነበር።

ልጄ መዳህ ስትጀምር አንድ ቀን ሲስተሯ ሥራ ቦታዬ ደወለችልኝ።

«ሥራውን ተይውና ሆስፒታል ነይ» አለችኝ። «ከሙጃ በኩል የመጣች ሴት አለች፤ ያንቺው በሽታ ነው፣ ያውም በሰባተኛ ወሯ። እምቢ ብላናለች።»

«እኔ ታዲያ ምን ልሠራ?»

«አንቺን እኮ ነው የምትጠራው! ‹የላሊበላዋ ሴት እምቢ ብላ አይደል ልጇን የታቀፈችው› ነው የምትለው።»

የእኔ ወሬ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ሙጃ መድረሱን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ክፍሉ ያው ክፍል ነው። ሴትየዋ ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም። የእኔ ፊት ያን ጊዜ እንዲህ ነበር ማለት ነው? እናቷ ጥግ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን ጫማ በሁለት እጇ ይዛለች። ሲስተሯ «ይቻትልሽ» ስትላት ሴትየዋ ከአልጋው ልትነሣ ታገለች፤ ጉልበቴን ልትስም።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ? እውነትም አለሽ?»

«ተኚ፣ አትነሺ። ስለኔ ምን ሰምተሽ ነው?»

ነገረችኝ። የላሊበላዋ ሴት ሐኪሞቹ ይቀደድ ሲሏት እምቢ ብላ ከሆስፒታል ወጣች። ጠበል ገባች፤ እብጠቱ እንደ ጉም በነነ። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ ቤቷ ያለ ምጥ ወለደች። ዶክተሩ ሲሰማ መጥቶ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመናት።

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እምቢ ማለቴ ብቻ ነው እውነቱ። ይህን ማን ፈጠረው? ገበያ ለገበያ ሲሄድ ማን ምን ጨመረበት? ማንም ሊጎዳት ብሎ አልተናገረውም፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ብለው የተናገሩት ነው።

«ስሚኝ፣ እህቴ። ከዚህ አልወጣሁም። እዚያ ያለው አልጋ ላይ ነው የወደቅሁት። ተንቀጠቀጥኩ፣ ምላሴን ነከስኩ። እኔ ሳላውቅ ቀደው አወጧት። ስነቃ ዕውር ነበርኩ።»

እናትየዋ ከጥግ፣ «ወየው!» አለች።

ሴትየዋ ግን ፊቷን ከእኔ አላዞረችም። «ልጅሽስ?»

«አለች።»

«እሺ ብትይ ትኖር ነበር?»

«እሱን አላውቅም።»

«ታዲያ!» አለች፤ እንደረታች ሰው ሳይሆን ራርታልኝ እንደምታስረዳኝ ሆና።

ትክክል ናት። በእኔ አፍ ነው የምትናገረው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ወደ ዶክተሩ ዞሬ፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ያዟትና አውጡላት!» ብዬ ልጮህ ነበር። ከእኔ ይህ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ባሌን ያኮረፍኩበትን ነገር፣ ገና ስሟን እንኳ በማላውቃት ሴት ላይ ልፈርድ።

ዋጥኩትና ሌላ ነገር ጠየቅኋት። «ቤት ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአባቷ ጋር ናት።»

«እኔ ያኔ ቤቴ ውስጥ ማንም አልነበረኝም» አልኳት። «ብሞት እናቴ የሚለኝ ልጅ አልነበረም። በራሴ ብቻ ነው የተወራረድኩት። እኔን አይተሽ አትወስኚ፤ የኔና ያንቺ አንድ አይደለም።»

ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች። «እምዬ፣ እሺ ልበላቸው?» አለች። እናቷ ጫማዎቹን ደረቷ ላይ ለጥፋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሺ አለች፤ ለእናቷ ብላ እንጂ ለዶክተሩም ለእኔም አልነበረም። ከመውጣቴ በፊት እናትየዋን ጠጋ ብዬ፣ ልጁ ሲወለድ ከደከመ ቀን ሳይጠብቁ ቄስ እንዲጠሩ ነገርኳት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«እና ምን አልሻት?»

«እሺ እንድትል አደረግኋት።»

ልጃችን ጭኑ ላይ ነበረች። «እኔን እኮ ዓመት ሙሉ የቀጣሽኝ በዚሁ ነው» አለ። አልተቆጣም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ቀን ሲስተሯ ደወለች። «እሷ ተርፋለች» አለችኝ አስቀድማ። ስለ ልጁ ሳትል እሷን ከማስቀደሟ ነገሩ ገባኝ። ወንድ ልጅ ነበር። ሳንባው አልቻለም። ቄስ ግን ደርሶለታል።

ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተጋድማለች። እናቷ ተነሥታ እጄን ሳመችኝና፣ «ተኝታለች» አለችኝ። ዓይኗ ግን ተከፍቶ ከጎን ይታየኝ ነበር። ያመጣሁትን አጥሚት አስቀምጬ ወጣሁ። ከሆስፒታሉ ደጅ ላይ ቆምኩ። ሰው ከኔ አጠገብ ያልፋል፣ ባጃጆች ይጠሩኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ልጄን ይዣለሁ፤ እሺ ያለችው እሷ ባዶ እጇን ናት። ከአራት ወገን እያገላበጥኩ ባስበውም አልቃና አለኝ።

ከክረምት በኋላ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋት። ልጄን አዝዬ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ፊቷ ሳያብጥ አይቻት አላውቅማ። ቀጭን፣ መልከ መልካም ሴት ናት። ከፊቷ ገብስ ዘርግታለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥላ ጀርባዬ ላይ ያለችውን አየች። ልመለስ ወይስ ሰላም ልበላት አላወቅሁም፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ሰው በክርኑ እየገፋኝ።

«ይቺ ናት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እስቲ አውርጂያት።»

አወረድኳት። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ፊቷን አየችው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ልጄ የአንገቷን ክር ይዛ ጎተተች። መልሳ ስትሰጠኝ ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር።

«ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ፣ ወይ እሱ ይኖር ነበር፣ ወይ እኔ አልኖርም ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሌት ተቀን አስባለሁ። አንቺ ታውቂው እንደሆን ብዬ ነበር።»

«እኔም አላውቀውም፣ እህቴ።»

«እንደማታውቂው ገምቼ ነበር» አለች። አንድ ሽማግሌ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ገብሱን በእጁ ዘገነ። እሷም ወደሱ ዞራ፣ «የዘንድሮ ነው፣ አባቴ፤ ነቀዝ የለበትም» አለችው። እኔ ልጄን መልሼ አዘልኳት። ሽማግሌው ገብሱን አስሰፍሮ እስኪሄድ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ።